የሚተርፍ የሌለበት ቤት

መጋቢት 20፣ 2017፣ ቅዳሜ

የፍኖተ ሰላም ሰው ገበያ የሚወጣው ሊገዛ አይደለም፤ ሊሸከም ነው። ጎረቤቴ በለጠች ዛሬ ቲማቲም ረከሰ ብላ አንድ ሣጥን ሙሉ በባጃጅ አስጭና ገባች። ቤቷ ያሉት እሷና ባሏ ናቸው፤ ባሏ ደግሞ ቲማቲም ያቃጥለኛል ብሎ አይነካም። እስከ ሐሙስ ግማሹ ይበሰብስና ከአጥሬ ሥር ይደፋል፤ ዝንቡን የምቀበል እኔ ነኝ። "ረከሰ እኮ ሥርጉት፣ ረከሰ" ትለኛለች። ረከሰ የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ብነግራት ምን ይጠቅማታል? አባቴ የቅኔ መምህር ነበር፤ ገና ፊደል ሳልጨርስ ሰሙን ከወርቁ ለይቼ ካልነገርኩት ራት አይቀርብልኝም ነበር። ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቶ ከበለጠች ጋር በአጥር ማውራት ቅጣት ነው።

እኔ ዘንቢሌን ይዤ ለሁለት ሰው የሚሆን ገዛሁ፤ ልጄ ውዳሴ ማታ ከቡሬ ትመጣለች። ሽንኩርት ሻጯ መዝና ስታበቃ እፍኝ ጨምራ ልትመርቅልኝ ስትል እጇን ያዝኩት። አትመርቂልኝ አልኳት። "ምርቃት እምቢ ይባላል እንዴ፣ እትዬ?" አለችኝ። ቤት ገብቶ የሚበሰብስ ምርቃት ለምኔ ነው? ፌስታሉንም መለስኩላት። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። ይጠቃቀሱ።

መጋቢት 21

ውዳሴ ቡሬ መድኃኒት ቤት ከተቀጠረች ወዲህ ቅዳሜ መጥታ እሑድ ትመለሳለች። ትናንት ሽሮዋን ጨርሳ ድስቱን ገልጣ አየች። ባዶ ነው። "መጨመር ብፈልግስ ኖሮ?" አለች። ትጨምሪ እንደሆነ ቀድመሽ አትነግሪኝም ወይ አልኳት። ሳቀች፣ ግን ያ ሳቅ ደስ አላለኝም።

ትርፍ ምግብ ምን እንደሆነ እሷ አታውቅም። የአባቷ ተዝካር ዕለት ግቢያችን ሰዉን አልችል ብሎ ነበር። በማግስቱ አንድም ሰው አልመጣም። ሁለት ትልልቅ ድስት ወጥ ብቻዬን ከጓሮ ደፋሁ፤ ጉድጓዱንም የቆፈርኩት ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በልክ እገዛለሁ፣ በልክ አበስላለሁ። ይኸው ነው።

ስትሄድ በር ላይ ቆማ የምነግርሽ ነገር አለ አለች። ሳትነግረኝ ሄደች።

መጋቢት 25

ስለ ቆሻሻ ቅነሳ ሥልጠና ተብለን ቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰብን። አሠልጣኙ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ነው፣ ጫማው ያብለጨልጫል። ቆሻሻ የሚጀምረው ከገበያ ነው፣ ያልገዛነውን አንጥልም አለ። ይህን ለማወቅ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ይህንኑ እየነገረን ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውኃና በፌስታል የታሠረ ዳቦ አደለን። ሲያበቃ አዳራሹ የፕላስቲክ ክምር ሆነ፤ እሱም ራሱ ግማሽ የጠጣውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ።

የሰፈሩን ሴቶች ማን ያስተባብር ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አክብረውኝ አይደለም፤ ሥራው እንዳይደርስባቸው ነው። ተቀበልኩ። ከነሱ መካከል ለዚህ የሚሆን ሰውም የለም።

መጋቢት 28

የመጀመሪያ ሥራዬን ሠራሁ። በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል "በዚህ ቤት የሚተርፍ የለም" ብዬ ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍኩ። ሌሎቹም አይተው እንዲጽፉ ነው።

ገና ሙጫው ሳይደርቅ በለጠች መጣች። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ኧረ ሥርጉት፣ በሞቴ ይህን አንሽው። ባል የሞተበት ቤት በር ላይ የሚተርፍ የለም ተብሎ ይጻፋል? ሟርት አይደለም ወይ?" አለች። በለጠችም ቅኔ ጀመረች! ሰው ስለ ምግብ ሲጽፍ ስለ ነፍስ የምታነብ ሴት። ሳቅኩባት።

ማታ ካርቶኑን አነሳሁት። ሙጫው ጥሩ አልነበረም።

ሚያዝያ 4

አንድ ጆንያ ሽንኩርት ደጄ ላይ ተጣለ። ያመጣው ባለባጃጅ "ከዘሚካኤል ነው፣ ለፋሲካ ነው ተብያለሁ" ብሎ ጥሎት ሄደ። ዘሚካኤል ማነው?

ማታ ውዳሴ ስትመጣ ነገረችኝ። ሊያገባት የሚፈልግ የሽንዲ ልጅ ነው። ምህንድስና ተምሮ አሁን ከቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች እያስጫነ ይነግዳል። ቡሬ ሲመላለስ ከመድኃኒት ቤቱ የራስ ምታት ኪኒን ሲገዛ ነው የተዋወቁት። ስንት ኪኒን ቢገዛ ነው ጋብቻ ድረስ የደረሰው? ራስ ምታቱ ድኖለታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልሳቀችም።

እንደኔ ብቻዋን ለምትኖር መምህርት አንድ ጆንያ ሽንኩርት የሚልክ ሰው ስለ ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። መልሽለት አልኳት። ስጦታ መመለስ ነውር ነው አለች። ለበለጠች ሰጠሁት፤ እሷ ለመጣል ልምድ አላት።

ተጋብተው የሚኖሩበትን ቤት የተከራየው መራዊ ነው። መራዊ ምን ሊሠሩ? ከቡሬ እንኳ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ቅዳሜ እየተዘለለ ነው። ከመራዊ የምትመጣው ለዓመት በዓል ነው፣ ያውም መንገዱ ከተከፈተ። ይህን ለሷ አላልኳትም። እኔ የነገርኳት ሽንኩርት ነጋዴ እንደሚሸት ብቻ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሰፈሩ ለቅርጫ በሬ አረደ። እኔ አልገባሁም። ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ለሁለት ሰው። አለቀ። ድስቱ ታጠበ። ውዳሴ እስከ ማታ በለጠች ቤት ዋለች።

ሚያዝያ 19

የዘሚካኤል ቤተሰቦች ለሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ሦስት ሰው፤ ዋናው አለቃ ገብረሰንበት የሚባሉ የሽንዲ ቄስ። የባሌ ታናሽ ወንድም ባንተአምላክ ከቡሬ መጥቶ በአባቷ ቦታ ተቀምጦ መልስ ይሰጣል። ባንተአምላክ መልስ ሲሰጥ ማየት ነው! ሻይ ትጠጣለህ ወይ ሲባል እንኳ ግራና ቀኝ አይቶ ነው የሚመልስ።

በለጠች ልትመክረኝ መጣች። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም እህል አይቀምስም፤ ከተፈጸመለት ግን አብሮት የሚበላ ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ አትርፈሽ ሥሪ ትለኛለች። ሦስት ሽማግሌ፣ ባንተአምላክ፣ ውዳሴና እኔ። አንድ ዶሮ ይበቃል። እንዲህ ብዬ ወሰንኩ።

ውዳሴ በስልክ "እማዬ፣ አንች ዝም በይ፤ አጎቴ ይናገር" አለች። እኔ መቼ ነው ያለቦታዬ የተናገርኩ?

ሚያዝያ 26፣ ጠዋት

መንገድ ተዘጋ። ባንተአምላክ ከቡሬ አይወጣም። ደወለ፤ "ለሌላ ጊዜ ይበሉልኝ" ይላል። ሽማግሌዎቹ ትናንት ከተማ ገብተው አድረዋል፤ ውዳሴም ትናንት ገብታለች። ለሌላ ጊዜ ምን ማለት ነው? ዶሮው ታርዷል። ሽንኩርቱ ተቁላልቷል። እኔ ራሴ እቀበላቸዋለሁ። ምን ይከብዳል።

ማታ

በሰዓታቸው መጡ። አለቃ ገብረሰንበት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ነጠላቸው ነጭ ነው፣ ያደረጉት ጫማ ግን ሁለቱ የተለያየ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን! ተቀመጡ አልኳቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ውዳሴ ጓዳ ናት።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉኝ። "እመቤቴ፣ ቤትዎ የሞላ መሆኑን ሰምተን ነው የመጣነው። ከሞላ ቤት የሚተርፍ አይጠፋምና፣ ለእኛ ለጎደለብን ይተርፈን እንደሁ ልንለምን ነው።"

እኔም፣ "በኔ ቤት የሚተርፍ የለም። የምገዛውም የማኖረውም በልክ ነው" አልኩ።

አለቃ ሁለቱን ሰዎች አዩዋቸው። ከዚያ መቋሚያቸውን አነሱ። "ልካችንን ነገሩን፤ እግዜር ይስጥልን" ብለው ወጡ። አልተቀመጡም ነበርና ለመነሳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ምን አጠፋሁ? ስለ ምግብ የሚያወሩ መሰለኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔ በልክ እንደምኖር ያወራል፤ ሰምተው ሊያሽሟጥጡኝ የመጡ መሰለኝ። ልጅዎን ይስጡን ማለት ምን ይከብዳል? ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዳሴ ሲቀድሱ ኖረው አንዲት ነገር በቀጥታ መናገር የማይችሉ ሽማግሌዎች። በሰም ለብጠው ካመጡት በሰሙ መልስ ያገኛሉ፤ እኔ ምን ላድርግ?

ውዳሴ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ደም የለውም። እኔ ስለ ምግብ መስሎኝ ነው ማለት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

"እማዬ፣ ገብቶሽ ነው" አለች።

ወጡ እየቀዘቀዘ ነው ብላት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። በለጠች ቤት አደረች። እዚያ መቼም የሚበላ አይጠፋ።

ዶሮው እንዳለ ነው። እንጀራውም።

ሚያዝያ 27

ምሳ ዶሮ። ራት ዶሮ። ውዳሴ አልመጣችም።

ሚያዝያ 28

መንገድ ተከፈተ ተባለ። ውዳሴ ከበለጠች ቤት በቀጥታ መናኸሪያ ሄደች። ቦርሳዋን እንዲወስድላት ባለባጃጅ ላከች። ልብሷን አጥፌ ከትቼ ሰጠሁት፤ የቆሸሸውንም አጥቤ ነበር።

ሚያዝያ 30

ዶሮው ሸተተ። ደፋሁት። ዕቃው በደንብ አልተከደነም ነበር።

ግንቦት 1፣ ልደታ

የሰፈሩ ሴቶች ደጅ ላይ ንፍሮ ቀቅለው ተሰብስበዋል። እኔም አስተባባሪ ነኝና ወጣሁ። ንፍሮው ለሁለት ሰፈር ይበቃል፤ ማን እንደሚበላው እግዜር ይወቀው። ሰብሰብ ወዳሉት ስጠጋ አንዷ "ልጇን እኮ ትራፊ አለቻት አሉ" ስትል ሰማሁ። ሲያዩኝ ስለ ጤፍ ማውራት ጀመሩ። ድንቁርና! እኔ ልጄን ትራፊ አላልኳትም። ትራፊ የለኝም ነው ያልኩ። ይህንና ያንን መለየት የማይችል ሰው ንፍሮውን ይቃም።

ወደ ቤቴ ገባሁ። በለጠች በሳህን ንፍሮ ይዛ ተከተለችኝ። ይበዛብኛል አልኳት። "ካልፈለግሽው ጣይው" ብላ አስቀምጣልኝ ሄደች። በላሁት።

ግንቦት 9

ቅዳሜ። መንገዱ ክፍት ነው። ለሁለት ሰው ገዛሁ። አልመጣችም።

ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ።

ግንቦት 16

ገበያ። በመደብ የተደረደረ ቲማቲም አየሁና ግማሹን ስጭኝ አልኳት። "ግማሽ መደብ አይሸጥም፣ እትዬ። ምነው፣ ለአንድ ሰው ነው?" አለችኝ። እነዚህ ሰዎች መሸጥ እንጂ መጠየቅ ማን ሰጣቸው? ለሁለት ሰው ነው ብያት ሙሉውን ገዛሁ።

ለአንድ ሰው የሚሸጥ ነገር የለም። ሽሮም ብትሠራው ለአንድ ሰው ድስቱ ሥር ይይዛል። ያ ከባሕር ዳር የመጣ ልጅ ይህንን በሥልጠናው አላነሳውም።

ከቲማቲሙ አብዛኛው እንደተቀመጠ ነው። እኔ የሰፈሩ አስተባባሪ! በለጠች እንዳታይ ማታ ነው የምደፋው።

ግንቦት 17

ባንተአምላክ መጣ። ሻይ ይጠጣል ወይ ስለው ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ።

ዘሚካኤል እጠብቃለሁ ብሏል አለኝ። ሽማግሌዎቹ ግን አይመለሱም። "እምቢ የተባለ ሽማግሌ ሦስት ጊዜም ይመላለሳል፣ እትዬ። ልኩን የተነገረ ግን አይመለስም።" ውዳሴስ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። "ያለ እናቴ ፈቃድ አላገባም፣ እናቴም ቤት አልገባም ነው የምትል" አለኝ።

አላገባም፣ አልገባም። ከአያቷ የወረሰችው ነው። ትንሽ ቀለል ይላል እንጂ መጥፎ አይደለም፤ አባቴ ቢሰማው አንድ ቃል ያርምላት ነበር። ይህን ለባንተአምላክ ስነግረው ልቅሶ እንደመጣ ሰው አየኝ። እሱ ምን ያውቃል።

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው አልኩት። እርስዎ ካልሄዱ የሚሄድ የለም አለኝ። የሴት ልጅ እናት ወደ ወንዱ ቤት ሄዳ ታውቃለች? ብዬ ጮህኩበት።

"አታውቅም" አለ። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ግንቦት 20

አንድ ነገር ልጻፍና ይውጣልኝ። ልጄ ወዲያም አልሆነች ወዲህም አልሆነች። አላገባች፣ ቤቷም አልገባች። ቡሬ በኪራይ ክፍል ተቀምጣ የሌላ ሰው መድኃኒት ትቆጥራለች። ይህን ያደረገው ሽንኩርት ነጋዴው አይደለም። በለጠችም አይደለችም። ብዙ ሞከርኩ፣ ጥፋቱ ማንም ላይ አልገጥም አለኝ።

ግንቦት 23

ነገ ሽንዲ እሄዳለሁ። ባንተአምላክ ቡሬ ላይ ይጠብቀኛል። ለውዳሴ እንዳትነግራት ብዬዋለሁ። የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ፤ ሰምም ወርቅም አለው፣ አለቃ ቆመው ቢሰሙት የሚያፍሩበት ነው። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። ልኬን የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

ግንቦት 24፣ ማታ፣ ቡሬ

የዘሚካኤል አባት ቤት ሰፊ ነው። ግቢው ውስጥ ጆንያ በጆንያ ላይ ተከምሯል፣ ዶሮው እህሉ ላይ ይራመዳል፤ የሚናገርም የለ። እናቱ ስታየኝ ደንግጣ ነጠላዋን አስተካከለች። አለቃ ገብረሰንበትን ጠርተዋቸው መጡ። ዛሬ ጫማቸው አንድ ዓይነት ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ አሉኝ ሁሉም። ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም አልኩ።

ቆሜ ያዘጋጀሁትን ልጀምር ስል ጠፋኝ። ስንኙ ጠፋኝ። ትናንት ሦስት ጊዜ ያስተካከልኩት፣ መኪና ላይ እስከ ሽንዲ ድረስ በአፌ ስል የመጣሁት። ሁሉም ይጠብቃሉ። ባንተአምላክ መሬት መሬት ያያል። ሰው ፊት አፌ ሲተሳሰር በሕይወቴ የመጀመሪያ ነው፤ ሰላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ።

"ያን ዕለት የጠየቃችሁኝ ገብቶኝ ነበር" አልኩ። "ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አትተርፈኝም። ውሰዷት።"

ከዚህ ሌላ የምለው አልነበረኝም። አባቴ ቢሰማ ምኑ ቅኔ ነው ይለኝ ነበር።

የዘሚካኤል እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አለቃ ወደኔ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ይህን ያን ዕለት ነግረሽን ቢሆን፣ ልጄ፣ ምግብሽን በልተን እንሄድ ነበር" አሉኝ። "አንችንም ብቻሽን ትተንሽ አንወጣም ነበር። በይ አሁን ተቀመጭ።"

አንች አሉኝ። ቤቴ የመጡ ዕለት እርስዎ ነበር ያሉኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አንች ያለኝ ሽማግሌ አልነበረም።

ተቀመጥኩ።